በበረዶ ላይ በድንኳን ማደር

በበረዶ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ዛሬ መዝናኛ ነው። ድሮ ግን አዳኝ፣ እረኛና ወታደር ወድደው ሳይሆን ግድ ሆኖባቸው ያድሩ ነበር። የእነሱ ታሪክ ብዙም አልተጻፈም። በደንብ የተጻፈው የዋልታ ተጓዦች ታሪክ ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ብልሃቶችም በእነዚህ ጀግኖች እጅ የተፈተኑ ናቸው።

ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠ። በስሙ የሚጠራው ማብሰያ ነዳጅ ይቆጥባል። ምግቡ መሃል ላይ ይበስላል፤ የሚያመልጠው ሙቀት ደግሞ ዙሪያውን ያለውን በረዶ ያቀልጣል። በረዶ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ሰው ውኃም አለቀበት ማለት ነውና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1892 ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት ላምባን በግፊት ወደ ጋዝ ለውጦ የሚያነድ፣ ጥላሸት የሌለው ፕሪመስ ምድጃ ሠራ።

የእርጥበትን ጣጣ ግን እንደ 1911ዱ ጉዞ ያሳየ የለም። ከእንግሊዛዊው የዋልታ ተጓዥ ከሮበርት ስኮት ቡድን ኤድዋርድ ዊልሰን፣ ሄንሪ ባወርስና አፕስሊ ቼሪ-ጋራርድ የኤምፐረር ፔንግዊን እንቁላል ፍለጋ ወጡ። ጊዜው በአንታርክቲካ ፀሐይ የማትወጣበት ወቅት ነበር። ጭነታቸውን ራሳቸው እየጎተቱ አምስት ሳምንት ቆዩ። ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰበት ቀን አለ። ያሰቃያቸው ግን የሰውነታቸው ላብና ትንፋሻቸው ነው። ማታ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ውስጥ ይቀራል፣ ቀን በረዶ ይሆናል። የአጋዘን ቆዳው ከረጢት ክብደቱ ከእጥፍ በላይ አደገ። አንድ ጠዋት ቼሪ-ጋራርድ ከድንኳን ወጥቶ ቀና ቢል ልብሱ ላዩ ላይ ግግር አለ። አንገቱን መመለስ አቅቶት አራት ሰዓት ያህል ሽቅብ እያየ ጎተተ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ልብሳቸው ግግር ሳይል ለመጎተት እንዲመቻቸው ጎንበስ ማለት ለመዱ። ሦስት እንቁላል ይዘው በሕይወት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ናይለን መጣ፣ የላባ ጃኬት መጣ፣ ዕቃው ቀለለ።

እርጥበቱ ግን ያው ነው። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፍጥነት ይወስዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሲራመድ ትንሽ ይበርደው፤ ሳያልበው በፊት አንድ ልብስ ያወልቃል፣ ሲቆም ወዲያው ይደርባል። ጥጥ እርጥበት ይዞ አይለቅም፤ ሱፍና ፖሊስተር ይሻላሉ። ማታ ፊትን ከረጢቱ ውስጥ መቅበር ያጓጓል። ቢሆንም አፍና አፍንጫ ውጪ ይሁኑ።

ጀማሪ ገንዘቡን ከረጢቱ ላይ ጨርሶ ከሥሩ የሚያነጥፈውን ይረሳል። ከሰውነት ሥር የተጨፈለቀ ላባ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። የፍራሽ ብርድ የመከላከል አቅም አር-ቫሉ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ለበረዶ ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ ይመከራል። ሁለት ፍራሽ ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። ልብስ አውልቆ መተኛት የበለጠ ያሞቃል የሚሉ አሉ። ልብሱ ደረቅና የማያጣብቅ እስከሆነ ድረስ ግን መልበሱ ነው የሚያዋጣው፤ ክርክሩ ለምን እንደማያልቅ ይገርማል። የቡቴን ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሰንፋል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ወይም በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ምድጃ ይሻላል።

ድንኳን ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ባይርድ በ1934 አንታርክቲካ ውስጥ ብቻውን ሲከርም ከምድጃውና ከጄኔሬተሩ በወጣው ጋዝ ተመርዞ ለጥቂት ነው የተረፈው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስም። ከሰል አስገብቶ መተኛትማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ ይባላል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። መንቀጥቀጡ ሲቆም ተሻለው ብሎ መዘናጋት የለም፤ ባሰበት ማለት ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ እርጥቡን ማውለቅ፣ ደረቅ ማልበስ፣ ከመሬት የሚለየው ነገር ማንጠፍ ያስፈልጋል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሙቅና ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠዋል። አልኮል ግን የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥሮች ከፍቶ ሙቀት ያስወጣል። ውርጭ የመታው ጣት አይታሽም። ተመልሶ ሊቀዘቅዝ የሚችል ከሆነም ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ባይቀልጥ ይመረጣል።