በወሎ መንገዶች ላይ፦ የትንንሽ የሙዚቃ ቡድኖች የጉዞ ኑሮ

ወሎ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወት የሙዚቃ ቡድን ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሰው ነው። አንድ ማሲንቆ መቺ፣ አንድ ክራር ወይም ኪቦርድ ተጫዋች፣ አንድ ከበሮ የሚይዝ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ድምፃዊ፣ ሁለት ተወዛዋዥ። አሳታሚ የለውም፣ ሥራ አስኪያጅ የለውም፣ ቋሚ መድረክም የለውም። ሌላው ዓለም «ኢንዲ» የሚለው ራሱን ችሎ የሚሠራ ባንድ እዚህ የሚኖረው ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከባህል ምሽት ቤት ወደ ምረቃ ድግስ በመዞር ነው። ሥራው ተደራራቢ ነው፤ ተወዛዋዡ ሞንታርቦ ይሸከማል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሚክሰር ይነካካል፣ ድምፃዊቷ ከደጋሹ ጋር ስለ ዋጋ ትነጋገራለች።

በአስተዳደር አከፋፈል የቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ዛሬ ብዙ ቦታ ተከፋፍሏል፤ በአማራ ክልል ያለው ክፍል ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተብሎ ይጠራል። ሙዚቀኛው በአፉ የሚጠራው ግን የድሮውን ስም ነው። ደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ ላሊበላ፣ ሰቆጣ የሚደርስ ሰው ሁሉንም «ወሎ» ብሎ ይጠቀልለዋል።

ከእነሱ በፊት የዞሩት

በዚህ አገር እየዞሩ መዝፈን ከኤሌክትሪክም ከመኪናም በፊት የነበረ ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው እየዘመሩ ምጽዋት የሚቀበሉት፣ የሰጣቸውን መርቀው ፀሐይ ስትወጣ የሚሄዱት ላሊበሎች አሉ፤ ሐሚናም ይባላሉ። ስማቸው ከከተማው ስም ጋር አንድ ስለሆነ እንግዳ ሰው ይምታታበታል። አዝማሪዎችም አሉ፤ ማሲንቆ ትከሻቸው ላይ አንግተው ከግብር ቤት ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ወደ ሠርግ ሲዞሩ ኖረዋል፤ ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የመግባቢያ ቋንቋም አላቸው።

በደርግ ዘመን ኪነት መጣ። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተደራጀ፤ ከወሎዎቹ ስሙ የገነነው ላሊበላ ኪነት ነበር። ማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሐባ በዚያ ቤት ያለፉ ድምፃውያን ናቸው። ኪነቱ የመንግሥትን መልእክት እንዲያሰማ የተቋቋመ መሆኑ አይካድም። በእኔ እምነት ግን ለወሎ የተወው ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ በየገጠሩ ተበታትኖ የነበረውን ዜማና ውዝዋዜ በአንድ መድረክ ላይ አሰባስቦ፣ አንድ ቡድን የባቲንም የላስታንም እንዲችል አደረገ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የመንግሥት ደመወዙ ቀረ፤ ችሎታው ግን ከሰዎቹ ጋር ነበር። የዛሬዎቹ ትንንሽ ቡድኖች ከኪነት የወረሱት ይኼንኑ የመጠቅለል ልማድ ነው።

ቅኝትና ቆዳ

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ የቦታ ስሞች ናቸው። ትዝታና አንቺ ሆዬ ይጨመራሉ። ይህ ለሚጓዝ ቡድን ከክብር ባለፈ የየምሽቱ ራስ ምታት ነው፤ ተመልካቹ አራቱንም ይጠይቃልና።

እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ዶን መነሻ ብናደርግ «ሙሉ ትዝታ» የሚባለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ወደ ባቲ ለመሻገር ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ። ወደ አምባሰል ሲሆን ሬና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል። ወደ አንቺ ሆዬ ሲሆን ሬና ሶል በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል። ማለትም ክራር መቺው ከትዝታ ተነስቶ ወደ የትኛውም ቢሄድ ሦስት ክር መነካካት አለበት። ሠርግ ላይ ሦስት ክር ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ረጅም ነው፤ ሙሽሮች ቆመዋል፣ ሚዜዎች ያጨበጭባሉ። ስለዚህ አቅም ያለው ሁለት ክራር ይዞ ይሄዳል፤ የሌለው የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በቅኝት ይደለድላል፣ ትዝታዎቹን አንድ ላይ፣ ባቲዎቹን አንድ ላይ። በመሐል ክር ሲቃኝ ማሲንቆ መቺው ጨዋታ ይፈጥራል፣ ደጋሹን ያወድሳል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ቅኝቱ ያለው በጣት ላይ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ይሻገራል። ትንሽ ቡድን ክራር ቢያጣ ማሲንቆ የማያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ራስ ምታት አየሩ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሐረጎን በጠመዝማዛ ወርደው የሚያገኟት፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻም ዝቅ ብላ ወደ አፋር ቆላ ታያለች። በአንድ ቀን ይህን የወረደ ማሲንቆ ደሴ የነበረው ድምፅ የለውም። ቆዳው በጉምና በዝናብ ይላላል፣ በቆላ ፀሐይ ይጠነክራል። ከበሮውም እንደዚያው ነው፤ ደጋ ላይ ከመጫወታቸው በፊት ፀሐይ ላይ ያሰጡታል ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ ያሞቁታል። ጀማሪ ቡድን ይህን ሳያውቅ ደሴ ላይ ቃኝቶ ባቲ መድረክ ላይ ሲወጣ ኪቦርዱና ማሲንቆው አይገናኙም። ኪቦርድ ደጋም ቆላም አያውቅም፤ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ማሲንቆው ነው፣ ለእሱ ሲባል የሚታገሉትም ሙዚቀኞቹ ናቸው።

ሁለት የጾም ቀን መቁጠሪያ

የወሎ ቡድን የሥራ ወቅት የሚወሰነው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነው። በሌላ አካባቢ ያለ ባንድ አንዱን ቢያውቅ ይበቃዋል። እዚህ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለሚገኝ ሁለቱንም መቁጠር ግድ ነው።

ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ቡድኑ የማይተኛበት ነው። ከዚያ 55 ቀን ጸጥታ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀመራል። የነቢያት ጾም፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ የራሳቸውን ይቆርጣሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሠርግ ይቆማል፣ የሌሊት ጨዋታም ይበርዳል፤ ከዒድ በኋላ ሥራው ይመለሳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከዐቢይ ጾም ጋር አንዳንድ ዘመን ይራራቃል፣ አንዳንድ ዘመን ይደራረባል። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ጀመረ፤ በ2018ም ሁለቱ በቀናት ልዩነት ገቡ። ለአማኙ ጎረቤት አብሮ መጾም ደስ የሚል ነገር ነው። ለሙዚቀኛውም ጥቅም አለው፤ ሁለት የተለያየ የሥራ ፈት ወቅት ከሚሆንበት አንድ ላይ ይሆንለታል። ሁለቱ በተራራቁባቸው ዓመታት ግን ሁለት ጊዜ ቤት መቀመጥ አለ፣ ሁለት ጊዜ መበደርም አለ።

በዓላቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ጉዞ ነው፤ ተራራው ላይ ዘፈን የለም፣ መንገዱና አልጋው ግን ሁሉ ይያዛል፣ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ወደ አምባሰል ሥራ የሚቀበል ቡድን ማደሪያውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ገና ላሊበላ ላይ ሲከበር ሥራው ያለው ጾሙ ከተፈታ በኋላ በሆቴሎችና በጠጅ ቤቶች ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ሲሆን ዘፋኞቹ ራሳቸው ልጃገረዶቹ ናቸው። ቡድን የሚጠራው ለማታው መድረክ ነው፤ ጨዋ ቡድን ቀን ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጃገረዶቹን ይሰማል፣ ዜማም ይማራል።

ሠርጉ ውስጥም ሁለቱ እምነቶች አብረው አሉ። እንግዳው ድብልቅ ከሆነ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ አንድ ሆኖ ወጥ ቤቱ ሁለት ይሆናል። ቡድኑም ድብልቅ ነውና ሲበላ ወደየወጥ ቤቱ ይከፈላል፣ ሲጫወት ይገናኛል። ሃይማኖተኛ የሆነ የሙስሊም ቤተሰብ ድግሱን በመንዙማ ከጀመረ ቡድኑ ዕቃውን ሳይነካ ይጠብቃል። ድቤና ጭብጨባ ያለበትን መንዙማ በኪቦርድ ለማጀብ የሚሞክር አንዳንድ ጀማሪ አጋጥሞኛል፤ አዛውንቶቹ ቁጣቸውን አላሳዩም፣ ልጁ ግን ወዲያው ገባው።

ዝርዝሩም በየከተማው ይለወጣል። ከሚሴና ባቲ ላይ የኦሮምኛ ዘፈን የሌለው ቡድን ግማሹን እንግዳ ያጣል። ቆቦ ላይ ራያ ካልተመታ ሰው አይነሳም። ሰቆጣ ላይ ደግሞ የዋግ አገው ዜማ ይጠየቃል።

መንገድ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወሎ ውስጥ ያሉት ጉዞዎች ያጥራሉ፣ ግን ያደክማሉ። ደሴ–ወልድያ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከወልድያ ወደ ላሊበላ የሚሄድ በቻይናዎቹ መንገድ ድልብን ይወጣል፣ ጋሸና ደርሶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፣ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ጋሸና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሌሊቱን ሲዘፍን ላደረ ጉሮሮ ከዚያ የከፋ ማቆሚያ የለም።

ቡድኑ የራሱ መኪና ስለሌለው ሚኒባስ ይኮናተራል ወይም በቅጥቅጥ ይሄዳል። ሞንታርቦው ከላይ በሸራ ይጠፈራል፣ ኪቦርዱ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ ማሲንቆና ክራር ግን ጭን ላይ ይጓዛሉ። ጨዋታ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ መኪና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። በመሐል ያለው እንቅልፍ ነው፣ እሱም ዕቃ ከመጫን ከተረፈ።

ይህ ኑሮ ሴት ድምፃውያን ላይ የበለጠ ይከብዳል። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል አሁንም እንደ ስድብ የሚጥለው ሰው አለ፤ በሌሊት ከመድረክ የወረደችን ሴት እንደ ሥራ ባልደረባ የማያይ ደጋሽም አለ። ልምድ ያላቸው ዘፋኞች የራሳቸው ክፍል እንዲኖራቸው በውሉ ውስጥ ያስገባሉ፣ ከእህት ወይም ከተወዛዋዥ ጓደኛቸው ጋር ካልሆነም አይጓዙም። ወንዶቹ የቡድኑ አባላት ይህን እንደ ተጨማሪ ወጪ ሳይቆጥሩ እንደ ዋና ውል መያዝ አለባቸው። አንድ ድምፃዊት ከተወች ቡድኑ ይፈርሳል፤ አይቼዋለሁ።

ቀብድና ሽልማት

ሥራ የሚያዘው በስልክ ነው፣ የሚጸናው በቀብድ። ቀብድ ያልተላከለት ቀን ባዶ ቀን ነው፤ ሌላ ጠሪ ከመጣ ይሰጠዋል። ቀሪው መድረክ ከመውጣት በፊት ይከፈል ዘንድ ይስማማሉ፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ ደጋሹን ማግኘት ከባድ ነውና። ወልድያ አካባቢ አንድ ጊዜ ቀሪውን ሳንቀበል ጀምረን ሌሊቱ ሲያልቅ ደጋሹ ተኝቶ ነበር፤ በማግስቱ እስከ ቀትር ጠብቀን ግማሹን ይዘን ተመለስን።

ከውሉ ውጭ ያለው ሽልማት ነው። ተመልካች ብሩን በድምፃዊው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ በክራሩ ላይ ይሰካል። መስከረም 2013 ላይ የ200 ብር ኖት ከወጣ በኋላ የሚለጠፈው ወረቀት ቁጥሩ ቀነሰ፣ ዋጋው ጨመረ፤ አሁን በቴሌብር ልኮ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚያሳይም አለ። ሽልማት ተሰብስቦ በድርሻ ይከፈላል፤ ለዕቃው ባለቤት ተጨማሪ ድርሻ ይወጣል። ብዙ ቡድን የሚጣላው እዚህ ላይ ስለሆነ ገንዘቡን በዚያው ሌሊት፣ ሁሉም ባለበት መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው።

ሽልማት የሚጠራው ግጥም ነው። «ተቀበል!» ብሎ እንግዳው ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፣ ከራሱም ይጨምርበታል። ወሎዬ ግጥም አዋቂ ነው፤ ተመልካቹ ሰምና ወርቁን ስለሚለይ የተሸመደደ ስንኝ አይሸልምም። ስለዚህ ንቁ ድምፃዊ ቀኑን ሙሉ ስለ ቤቱ ይጠይቃል፦ የሙሽራው አባት ስም ማነው፣ ከየት ነው የመጡት፣ ማን ነው በቅርብ ያረፈባቸው።

የሚዘፍኑት ዘፈን አብዛኛው የሌላ ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ግጥም ባለቤት በሕዝብ ፊት የማቅረብን ጭምር መብት ቢሰጥም፣ ሠርግ ላይ የሚዘፈን ዘፈን ሒሳብ ሲከፈልበት አላየሁም።

ከ2013 ወዲህ

ጦርነቱ ሲመጣ ላሊበላ በሐምሌ መጨረሻ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ከመንግሥት እጅ ወጡ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር መጨረሻ 2014 ተመለሱ። በእነዚያ ወራት ዕቃው የተዘረፈበት ቡድን፣ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅሎ ደሴ ላይ ድንኳን ውስጥ የከረመ ሙዚቀኛ ብዙ ነው። ከሐምሌ 2015 በኋላም በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ የሰዓት እላፊ ያመጣል። ቀብድ ተልኮ መንገድ ሲዘጋ ማን ይመልሳል የሚለው ጥያቄ አሁን በእያንዳንዱ ውል ላይ ይነሳል፤ የተለመደው መፍትሔ ቀኑን ማዘዋወር እንጂ ብሩን መመለስ አይደለም።

በብዙ ቦታ ሠርጉ ከማታ ወደ ቀን ዞሯል። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምረው 11 ሰዓት ላይ ዕቃ ይሰበስባሉ፣ ካልመሸም ይመለሳሉ፣ ከመሸ እዚያው ከድንኳኑ ሥር ያድራሉ። መብራት በሚጠፋበት ገጠር አንዳንዶቹ ጄኔሬተሩንም ሞንታርቦውንም ትተው በማሲንቆ፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ መሄድ ጀምረዋል። ጭነቱ ቀለለ፣ የመኪና ዋጋ ቀነሰ፣ ድምፃውያኑ ግን ያለ ማይክሮፎን አምስት ሰዓት መዝፈን ስለሚከብዳቸው ሦስት ሆነው በፈረቃ ይዘፍናሉ።