«ምስሉ ንጹህ ነው» ማለት ደም ስሩ ንጹህ ነው ማለት አይደለም

ስለ ልብ የኒውክሌር ምርመራ፣ ማለትም ጨረር ያለው መድኃኒት ተወግቶ ስለሚነሡት የስፔክትና የፔት ምስሎች፣ ያለ እረፍት የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። የሚበዙት በአጭሩ ይታረማሉ። አንደኛው ግን ሰው ስለሚጎዳ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

«ምርመራው የጠበበውን ደም ስር ያሳያል።»
አያሳይም። ደም ስሩን የሚያሳየው አንጂዮግራም ነው። ስፔክትና ፔት የሚያሳዩት ለልብ ጡንቻ የደረሰውን ደም ነው።

«የተወጋሁት ጨረር ሰውነቴ ውስጥ ይቀራል።»
ለስፔክት የሚሰጠው ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ፣ ለፔት የሚሰጠው ሩቢዲየም ደግሞ በየ75 ሰከንዱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚቆየው ታሊየም ነው፤ ግማሹ እስኪጠፋ 3 ቀን ይፈጃል። ቴክኒሺየም እያለ ታሊየም መስጠት ታካሚውን በከንቱ ለተጨማሪ ጨረር መዳረግ ነው።

«ፔት ካለ ስፔክት ዋጋ የለውም።»
ወፍራም ላልሆነና ትሬድሚል ላይ በደንብ መሄድ ለሚችል ሰው በጥሩ ካሜራ የተነሣ ስፔክት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ችግሩ ጥላ ነው፦ ጡት የልብን የፊት ግድግዳ፣ ዲያፍራም የታችኛውን ያደበዝዛሉ። የታችኛው ጉድለት ታካሚው በሆዱ ተኝቶ ሲነሣ ከጠፋ፣ ጥላ ነበር። ፔትም ከስህተት አያመልጥም። አብሮት የሚነሣው ሲቲ በትንፋሽ ምክንያት ከፔቱ ጋር ካልገጠመ፣ በምስሉ ላይ የልቡ ግድግዳ ሳንባ ላይ ያርፍና የሌለ ጉድለት ይፈጠራል። ስለዚህ ሁለቱ ምስሎች መግጠማቸው ሳይታይ ውጤት አይነበብም።

«ምስሉ ንጹህ ነው ተብያለሁ፤ ደም ስሬ ጤነኛ ነው።»
ዋናው ይህ ነው። ስፔክት የሚያወዳድረው የልብን አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ነው። ኮምፒውተሩ በጣም የደመቀውን ቦታ 100 ብሎ ሌላውን በእሱ ይለካል። ሦስቱም ደም ስሮች እኩል ከጠበቡ የደመቀው ቦታም ደም የራበው ነው፤ ምስሉ ግን ያምራል። ያኔ ፍንጩን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው፦ በጫና ጊዜ (ልብ በእንቅስቃሴ ወይም በመድኃኒት ሲፈተን) የደም ግፊት መውረድ፣ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ለውጥ፣ የግራ ልብ ክፍል መስፋት። ፔት ግን ፍሰቱን በሚሊሊትር፣ በደቂቃ፣ ለአንድ ግራም ጡንቻ ይለካል። በጫና ጊዜ ያለው ፍሰት ከዕረፍቱ 2 እጥፍ ካልሞላ ያጠራጥራል፤ ከ1.5 በታች ከሆነ አሳሳቢ ነው። ለዚህ ነው ሦስት ደም ስሮች ተጎድተዋል ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ ፔት የሚመረጠው።

ንጹሕ ምስል የሚዋሽበት ሌላው ምክንያት ያልበቃ ጫና ነው። በዕረፍት ጊዜ ደም ስሩ 85 በመቶ ገደማ እስኪጠብ ፍሰቱ አይቀንስም። በጫና ጊዜ ግን ከ50 በመቶ ገደማ ጀምሮ ይጓደላል። ትሬድሚል ላይ ዒላማው ከ220 ዕድሜ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰው በደቂቃ 136 ምት። ጨረር ያለው መድኃኒት የጫናው ጫፍ ላይ ሲደረስ ይወጋል፣ ከዚያም ቢያንስ 1 ደቂቃ መቀጠል ያስፈልጋል። እግር ዝሎ በ110 የተቋረጠ ምርመራ «ንጹህ» ቢባል ብዙም አያስተማምንም።

መሮጥ ለማይችል ሰው ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒት ይሰጣል፦ አዴኖሲን ወይም 0.4 ሚሊግራም ሬጋዴኖሶን። እዚህ ላይ ቡና ይመጣል። «የተከለከለው ልብ ስለሚያስመታ ነው፣ አንድ ስኒ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ካፌይን መድኃኒቱ ሊይዘው የሚገባውን ተቀባይ ቀድሞ ይይዛል፤ ደም ስሩ በሚገባ አይሰፋም፣ በሽታው ይደበቃል። ቢያንስ 12 ሰዓት መራቅ ግድ ነው፤ 24 የሚጠይቁ ክፍሎችም አሉ። አቦልም በረካም ያው ነው፤ ቀጥኗል ተብሎ አይታለፍም። ሻይ፣ ኮላ፣ ቸኮሌት፣ ካፌይን የወጣለት የሚባለው ቡና፣ ካፌይን ያለበት የራስ ምታት ክኒንም ይቆጠራሉ። ጠጥቶ የመጣ ሰው ሳይደብቅ ይናገር፤ ቀጠሮው ይለወጣል እንጂ መድኃኒቱ አይሰጠውም።