ቢያንካ ቤሌር እና ሬስሊንግ፦ የሚባለው ሌላ፣ የሆነው ሌላ

ሬስሊንግ በሚታይበት ቤት ሁሉ «ይህ እኮ ውሸት ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ችግሩ ሰውየው በግማሹ ረክቶ ቴሌቪዥኑን ማጥፋቱ ነው። በእኔ እምነት የሬስሊንግ ትልቁ ፉክክር የሚካሄደው ደወሉ ከመደወሉ በፊት ነው። ማን ይመረጣል? ለማን ሰዓት ይሰጠዋል? ሕዝቡስ የማንን ታሪክ አምኖ ይከተላል? ይህን ለማየት ከአሜሪካዊቷ ቢያንካ ቤሌር የሥራ ጉዞ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ቤሌር በ1989 በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ከተማ ተወለደች (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 ደብሊው ደብሊው ኢ ወደተባለው ግዙፍ የሬስሊንግ ድርጅት ስትገባ ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ ሬስልማኒያ በሚባለው የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ላይ የምሽቱን የመጨረሻ ግጥሚያ ተጋጥማ አሸነፈች። ስለ እሷና ስለ ሙያዋ በየጊዜው ከሚሰሙት የተሳሳቱ አባባሎች ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

«ሁሉም ድራማ ነው፤ ማንም አይመታም፣ ማንም አይወድቅም»

አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚወሰን ማንም አይክድም። በ1989 የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ የኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ፊት ቀርቦ «ሥራችን ሕዝብን ማዝናናት ነው» ብሎ ራሱ መስክሯል። ያደረገውም ለእውነት ፍቅር አይደለም፤ ስፖርት ነው ከተባለ በስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ሥር መውደቅ ስለነበር ነው።

ውጤቱና ዋና ዋናዎቹ ክንውኖች ይታቀዳሉ። የቀረውን ተፋላሚዎቹ የሕዝቡን ጩኸት እያዳመጡ፣ አንዳንዴም በጆሮ እየተንሾካሾኩ እዚያው ይሞሉታል። ዳኛውም ሦስት ቆጥሮ እጅ ለማንሳት ብቻ የቆመ አይደለም። ከመድረክ ጀርባ የሚመጣውን የሰዓት መልእክት ያደርሳል፤ የወደቀውን ሰው «ደህና ነህ?» ብሎ በምስጢር ይጠይቃል፤ ጉዳቱ የምር ከሆነ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ለሐኪሞች ምልክት ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊዎቹ ይህንኑ ምልክት ለድራማው ማድመቂያ ይጠቀሙበታል፤ በበኩሌ የማልወደው ልማድ ነው።

የሪንጉ ወለል ደግሞ ፍራሽ አይደለም። ከሥር የብረት አግዳሚ፣ በላዩ የእንጨት ጣውላ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ ከሁሉም በላይ ሸራ አለ። ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መውደቅን ነው፦ አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ ጀርባን ጠፍጣፋ አድርጎ ማሳረፍ፣ በክንድ ወለሉን መትቶ ኃይሉን ማከፋፈል። ይህ ጥበብ አንገትን ያድናል፤ ሕመሙን ግን አያጠፋውም።

አሁን ሚያዝያ 10 ቀን 2021 በፍሎሪዳ ታምፓ ከተማ ወደተደረገው ግጥሚያ እንሂድ። ሳሻ ባንክስ በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ተወርውራ መጣች። ቤሌር በአየር ላይ ቀለበቻት፤ ከዚያም ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከራሷ በላይ አነሳቻትና እንደተሸከመቻት የብረቱን ደረጃ ወጥታ ወደ ሪንጉ ወረወረቻት። ባንክስ ሰውነቷን አጠንክራ ሚዛኗን ባትጠብቅ ኖሮ ይህ ትዕይንት አይሳካም ነበር። ሆኖም የተነሺዋ ትብብር ክብደቷን በአንድ ኪሎ እንኳ አያቀልለውም፤ ደረጃውም ከካርቶን የተሠራ አልነበረም።

በዚያው ግጥሚያ መጨረሻ ቤሌር ረጅሙን ሹሩባዋን እንደ ጅራፍ አሽከርክራ የባንክስን ጎን ገረፈችው። ድምፁ በስታዲየሙ አስተጋባ፤ በባንክስ ሰውነት ላይም ሰንበር ታየ። ምቱ ታስቦበት የተደረገ ነው። ሰንበሩን ግን ማንም ሜካፕ አድራጊ አልሳለውም።

«ተጋጣሚዎች የምር ይጠላላሉ»

በታምፓው ምሽት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ወረርሽኙ ተመልካችን ከአዳራሽ ካስወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበርና ሕዝብ ወደ ስታዲየም የተመለሰበት የመጀመሪያው ትልቅ ምሽት ነበር። ሁለት ጥቁር ሴቶች ሬስልማኒያን በመጨረሻው ግጥሚያ ሲዘጉም ከዚያ በፊት አልታየም። በኋላ የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን በየዓመቱ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች አንዱን ስለዚሁ ግጥሚያ ሁለቱ አብረው አግኝተዋል። አንገቷን በእጅሽ የሰጠችሽን ሴት እየጠላሽ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም።

«ሯጭ ስለነበረች በአንድ ጀንበር ኮከብ ሆነች»

በእኛ ዘንድ «አትሌት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ረጅም ርቀት ነው። ቤሌር የመሰናክል ሩጫ ሰው ናት። ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ በመጨረሻ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የተዘዋወረችው ዝም ብሎ አይደለም። በተማሪነቷ ከድብርትና ከአመጋገብ ሕመም ጋር እንደታገለች፣ ሩጫውንም አቋርጣ እንደነበረ ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ በቴነሲ ስትሮጥ ግን ከአገሪቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ሯጮች ተርታ ተሰለፈች።

ከምረቃ በኋላ ክሮስፊት በሚባለው የክብደትና የጽናት ውድድር ውስጥ ገባች። እዚያ ያያት ማርክ ሄንሪ ነው፤ ለአሜሪካ በኦሊምፒክ ክብደት ያነሳና በኋላ የሬስሊንግ ሻምፒዮን የሆነ ሰው። በኢንተርኔት መልእክት ጽፎላት «ሞክሪው» አላት። ሙከራውን አልፋ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ወደሚገኘው የድርጅቱ ማሠልጠኛ ማዕከል ገባች፤ ሰባት ሪንጎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉትን ጊዜ አትዝለሉ። ውሉን የፈረመችው በ2016 ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው በ2017 ነው፤ ያውም ጀማሪዎች በሚሠለጥኑበት ኤንኤክስቲ በተባለው ፕሮግራም ነው። በ2019 መጀመሪያ የዚያን ፕሮግራም የሻምፒዮንነት ቀበቶ ለመውሰድ ከሼይና ቤዝለር ጋር ገጥማ ተሸነፈች። ወደ ዋናው ፕሮግራም የተሸጋገረችው በ2020 ነው፤ የተቀበላትም ባዶ አዳራሽ ነው። በጥር 2021 ሠላሳ ሴቶች በተራ በሚገቡበት ሮያል ራምብል ላይ ሦስተኛ ሆና ገባች። ሃምሳ ስድስት ደቂቃ ከቆየች በኋላ በመጨረሻ ሪያ ሪፕሊን ከገመዱ በላይ አውጥታ አሸነፈች። ድሉ ተጽፎላት ነበር፤ ሳንባዋን ግን ማንም አልጻፈላትም።

«ልብሱን ድርጅቱ ያሰፋላታል»

አያሰፋላትም። የሪንግ ልብሶቿን ዲዛይን አድርጋ የምትሰፋው ራሷ ናት። ተመልካች «የድርጅቱ ሀብት» ብሎ የሚያደንቀው ብልጭልጭ ሁሉ ከእሷ ስፌት መኪና የወጣ ነው።

«ቀበቶ ያላት ከሁሉም የበረታችው ናት፤ የተሸነፈች ደግሞ ተዋርዳለች»

ቀበቶ ድርጅቱ በአንድ ሰው ላይ የሚጥለው እምነት ነው። ያደረገችው ሴት ትኬት ታሸጣለች፤ በጠዋት ሬዲዮ፣ በማታ ቴሌቪዥን ትቀርባለች፤ ልምድ የሌላትን ተጋጣሚ ይዛ ጥሩ ግጥሚያ ታወጣለች። መሸነፍም የሥራው ክፍል ነው። ጥሩ ተሸናፊ ከሌለ ጥሩ አሸናፊ አይኖርም።

ከባዱ ምሳሌ ነሐሴ 2021 ላስ ቬጋስ ነው። ቤኪ ሊንች ከወሊድ በኋላ ሳይታሰብ ተመለሰች። ቤሌርን በ26 ሰከንድ ጥላ በታምፓ ያገኘችውን ቀበቶ ወሰደች። ሕዝቡ መጀመሪያ በመመለሷ ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን በብዙ ድካም የተገነባ ሻምፒዮን በግማሽ ደቂቃ መውደቋ አስቆጣው። ጥቁር ሴት በመሆኗ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ውሳኔውን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ሊንች ለመመለሷ ሌላ አሥር ደቂቃ ቢሰጣት የሚጎድልባት ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያ አልቆመም። ቤሌር ቁጭቱን ተሸክማ ለሰባት ወራት ያህል ቆየች። ሚያዝያ 2 ቀን 2022 በቴክሳስ አርሊንግተን ከሊንች ጋር እንደገና ስትገናኝ ተመልካቹ የሰባት ወር ሒሳብ ይዞ ነበር የመጣው። አሸነፈች፤ ቀበቶውንም ለ420 ቀናት ያዘች፤ ቀድሞ የሊንች የነበረውን የቆይታ ክብረ ወሰንም አለፈች። ያቺ 26 ሰከንድ ባትኖር ያ ምሽት እንዲህ አይግልም ነበር የሚል ይኖራል። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ያን የላስ ቬጋስ ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች ግን ያን ያህል አርቀው ማሰባቸውን እጠራጠራለሁ።

«ሴቶች ወደ ሬስሊንግ የገቡት በቅርቡ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሻምፒዮንም እሷ ናት»

ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሴቶችን ከታሪክ ያጠፋል። ሚልድረድ በርክ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ትጋጠም ነበር። ኢቴል ጆንሰን፣ ባብስ ዊንጎ እና ማርቫ ስኮት የተባሉ ሦስት ጥቁር እኅትማማቾች በ1950ዎቹ የዘር መድልዎ ሕግ በነበረባቸው ግዛቶች ጭምር ተጋጥመዋል። የኒው ዮርክ ግዛት ግን የሴቶችን ሬስሊንግ ከልክሎ ኖሮ እገዳውን ያነሳው በ1972 ነው።

ደብሊው ደብሊው ኢ ውስጥ የሴቶችን ቀበቶ ያደረገችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ጃክሊን ናት፤ በ1998። ከእሷ በኋላ ጃዝ መጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሴቶች ሬስልማኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጨረሻው ግጥሚያ የዘጉትም በ2019 ነው፤ ሦስቱም ተጋጣሚዎች ነጮች ነበሩ። የቤሌርና የባንክስ የመጀመሪያነት ከላይ የጠቀስኩት ነው። እሱ ብቻውን በቂ ክብር ስለሆነ ሌላ መደረብ አያስፈልግም።

በቅርቡ የተለወጠው ለሴቶች የሚሰጠው ሰዓትና ግምት ነው። በየካቲት 2015 በድርጅቱ ዋና ፕሮግራም ላይ አራት ሴቶች የተሳተፉበት ግጥሚያ በሠላሳ ሰከንድ ገደማ ሲያበቃ ተመልካቾች በማኅበራዊ ሚዲያ «ዕድል ስጧቸው» ብለው ዘመቱ። በሚያዝያ 2016 ቢራቢሮ የተሳለበት የሴቶች ቀበቶ ተሽሮ ከወንዶቹ ጋር የሚመሳሰል አዲስ ቀበቶ ወጣ። ቤሌር የገባችው በዚያው ዓመት ነው። ሌሎች ተሟግተው በከፈቱት በር ነው የገባችው፤ ይህን ማለት ችሎታዋን አያሳንስም።

«በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች አይጋጠሙም»

ይህ አባባል እስከ 2019 እውነት ነበር። ድርጅቱ በ2018 ጅዳ ላይ ትልቅ ዝግጅት ሲያሳይ አንዲት ሴት ተፋላሚ አልነበረችም። በጥቅምት 2019 ናታሊያ እና ሌሲ ኤቫንስ ሪያድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠሙ፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ተሸፍነው። ለቤሌር ደግሞ ጅዳ የመውጣትም የመውረድም ከተማ ሆነች። ሊንችን የመግጠም መብት ያገኘችው በየካቲት 2022 እዚያ አሸንፋ ነው፤ ያን የ420 ቀን ቀበቶዋን በግንቦት 2023 ለጃፓናዊቷ አሱካ ያስረከበችውም እዚያው ነው። ጅዳ የሚኖሩ የሬስሊንግ ወዳጆች ይህን ሁሉ በቅርብ የማየት ዕድል ነበራቸው።

«በቴሌቪዥን ስለሚታዩ ደመወዝና ዋስትና ያላቸው ሠራተኞች ናቸው»

ብዙዎችን የሚያስገርመው ይኸኛው ነው። የደብሊው ደብሊው ኢ ተፋላሚዎች በውላቸው መሠረት ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ «ነጻ ተዋዋዮች» ይባላሉ። ድርጅቱ የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚናገሩ፣ በምን ስም እንደሚጠሩ ይወስናል፤ ሌላ ቦታ እንዳይሠሩም ይከለክላል፤ እንደ ተቀጣሪ ግን አይቆጥራቸውም። በሪንግ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን የጤና መድን ራሳቸው ይገዛሉ። የሠራተኛ ማኅበርም የላቸውም። በአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር አላቸው፤ የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችም አላቸው። ሬስሊንግ ሲሆን ስፖርት አይደለም ይባላል፤ ትወና ነው ሲባል ደግሞ የተዋናይ መብት አይከተለውም።

ቤሌር በሚያዝያ 2025 ላስ ቬጋስ ላይ ከኢዮ ስካይ እና ከሪያ ሪፕሊ ጋር በተደረገው የሦስትዮሽ ግጥሚያ ጣቷ ተጎዳ፤ ግጥሚያውን ግን እስከ መጨረሻው ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት መጋጠም አልቻለችም። በሐምሌ ወር አትላንታ ላይ ሴቶች ብቻ በተሳተፉበት ዝግጅት ወደ ሪንግ ስትወጣ የለበሰችው የዳኛ ልብስ ነበር፤ የኔዮሚ እና የጄድ ካርጊልን ግጥሚያ ዳኘች።