ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፦ ስለ አዳዲስ መታሰቢያ ሳንቲሞች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የማውቃቸው ሳንቲም ሰብሳቢዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እጃችን የሚገባው መታሰቢያ ሳንቲም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ዘመድ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሁለት ጣል ያደርጋል። አንዱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሌላው ጥቁር ነው፣ ሌላው ባለ ቀለም። ሰው እንዲህ ዓይነት ሳንቲም አይቶ ስለማያውቅ በግምት ይፈርድበታል። ከሰማኋቸው ግምቶች የሚጎዱትን ልንገራችሁ።

«ጠቆር ያለው ሳንቲም ቆሽሿል፤ መታጠብ አለበት።»

ልቤን የሚያመኝ ይኼ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አክስቴ ከልጇ ዝሆን ያለበት የብር ሳንቲም ተልኮላት ነበር። የዝሆኑ ጆሮ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ጥላ አለ፤ ግንባሩና ጥርሱ ላይ ደግሞ ነጣ ይላል። ከጥላው የተነሳ ዝሆኑ ከብረቱ ወጥቶ ሊመጣ የደረሰ ይመስላል። አክስቴ የአንገት መስቀሏን እንደምታጸዳው በሎሚና በአመድ አሸችው። እኔ ስደርስ ፎጣ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ሆኗል፤ የጆሮው እጥፋት ጠፍቷል። «አየህ እንዴት እንዳማረ!» አለችኝ። ምን ልበላት?

ያ ጥቁረት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አንቲክ ይባላል። ሳንቲሙ ከታተመ በኋላ በኬሚካል ይጠቁራል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ ይታሻል፤ ጥቁረቱ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት አንቲክ ሳንቲሞች ፍጹም አንድ አይሆኑም። አንዴ ከታጠበ ግን ያ መልክ አይመለስም። አመድ ደግሞ ይጭራል፤ ጭረቱን ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር ወዲያው ያየዋል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሆኑት ሩቴኒየም በሚባል ብረት የተለበጡ ናቸው። ልባጡ እጅግ ስስ ስለሆነ መታሸት አይችልም።

እርግጥ ብር በራሱም ይጠቁራል። አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ጣና ዳር ክረምቱን የምናሳልፍ ሰዎች ይኼ ይመለከተናል። መፍትሔው መወልወል አይደለም፣ ቀድሞ መከላከል ነው። ሳንቲሙን ከክብ ፕላስቲክ ቤቱ አታውጡት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አጠገቡ አስቀምጡ። የጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙበት፤ ጎማም ድኝ አለበት። ፒቪሲ ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ ያለው አልበምም ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

«ፕሩፍ ማለት እንከን የለሽ ማለት ነው።»

አይደለም። ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው። ማተሚያው ብረትም የሚታተመው ክብ ብረትም ይወለወላሉ፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሜዳው፣ ማለትም ከምስሉ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ፣ መስታወት፣ ምስሉ ደግሞ ውርጭ የወረደበት ይመስላል። ሪቨርስ ፕሩፍ ሲገለበጥ ነው፦ ምስሉ ያበራል፣ ሜዳው ይደበዝዛል። በአውራ ጣት የተነካ ፕሩፍም ያው ፕሩፍ ነው፤ ግን የተበላሸ ፕሩፍ። የጣት ወዝ ብረቱን ይበላል፤ አሻራው ላይለቅ ይችላል። ጠርዙን ብቻ ያዙ።

«ጠማማ ስለሆነ የፋብሪካ ስሕተት ነው።»

አንድ ጎረቤቴ «መንገድ ላይ ተጣሞብኝ ነው» ብለው አሳይተውኛል። አልተጣመመም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ለቤዝቦል ባወጣችው መታሰቢያ አንዱ ፊት እንደ ጓንት ገባ፣ ሌላው እንደ ኳስ ወጣ ያለ ነው። በ2019 ሰው ጨረቃ ላይ ላረፈበት ጉዞ፣ ለአፖሎ 11፣ የወጣውም እንዲሁ ነው።

«የሚያብረቀርቅ ጠገራ ብር ፎርጅድ ነው።»

እዚህ ጎጃም ይኼን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የአያቶቻችንን ጠገራ የምናውቀው በእጅ ብዛት ለዝቦ፣ ወይም በአንጥረኛ ቀልጦ መስቀል ሆኖ ነው። ስለዚህ እንደ መስታወት የሚያበራ ማርያ ቴሬዛ ሲመጣ እንጠራጠራለን። ግን የቪየናው የሳንቲም ፋብሪካ ዛሬም ያትመዋል፤ በፕሩፍም ጭምር። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። መብረቅረቁም ፎርጅድ አያደርገውም። የሚጠቅመው ሚዛን ነው፦ 28 ግራም ገደማ፣ ከሺው 833 ንጹሕ ብር። የዱሮ ሰዎች ደግሞ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው።

«ብር ላይ ወርቅ መቀባት የዘመኑ ነጋዴ ፈጠራ ነው።»

ይኼን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። የአክሱም ነገሥታት በብርና በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። ሙሉውን አይደለም፣ መርጠው። ዛሬ በውድ ሳጥን የሚመጣልን ባለ ወርቅ ልባጥ ሳንቲም ሐሳቡ የኛም ነው። አክሱማዊውን ግን ስብስባችሁ ውስጥ አታስገቡ። እሱ ቅርስ ነው፤ ያገኘ ሰው ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማሳወቅ አለበት።

«በቁጥር ተወስኖ የወጣ ሁሉ ይወደዳል።»

አንዳንዴ እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢንሃንስድ ሪቨርስ ፕሩፍ የተባለ፣ ንስር ያለበት የብር ሳንቲም በ30,000 ብቻ ወስና በ65.95 ዶላር ሸጠች፤ ወዲያው አለቀና ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይኼን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለጆርጅ ዋሽንግተን የወጣው የብር ግማሽ ዶላር ግን ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ዛሬም ዋጋው ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ፈላጊም ከሌለ ያው ነው። በምስሉ ሳትወዱት በትርፍ ተስፋ ብቻ አትግዙ።

ሳጥኑንና ወረቀቱን አትጣሉ። ክብደቱና የብሩ ጥራት እዚያ ተጽፏል፤ አንድ አውንስ ከሆነ 31.1 ግራም ነው። ከተጠራጠራችሁ ገበያ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑ። ግን ከእጃችሁ ሳይወጣ በፊት «እባክዎ ድንጋዩ ላይ እንዳይፈትጉት» በሉ። ወርቅን በመፈተኛ ድንጋይ መፈተን የለመደ እጅ ነውና ካልነገራችሁት ይፈትገዋል።