የሕይወት እርካታ ምንድን ነው? አርሶ አደሩ ሲጠየቅ

አንድን ገበሬ «ደስተኛ ነዎት?» ብንለው ሁለት ዓይነት መልስ ሊኖረው ይችላል። አንዱ የዛሬ ነው፦ ዝናቡ በጊዜው ጣለ፣ ልቡ ቀለል አለው። ሌላው የኑሮው ነው፦ እስከ ዛሬ የኖርኩት እንዳሰብኩት ሆኖልኛል ወይ? የሕይወት እርካታ የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው። ሲስቅ የዋለ ሰው በኑሮው ላይረካ ይችላል። ሲለፋ የዋለው ደግሞ ረክቶ ይተኛል።

በጣም ከታወቁት መለኪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሐድሊ ካንትሪል ያስተዋወቀው መሰላል ነው። ከ0 እስከ 10 ይቆጠራል። አናቱ ሊኖሩት የሚችሉት ምርጥ ኑሮ ነው፣ ታችኛው ደግሞ የከፋው። «አሁን የቱ ላይ ነዎት?» ይባላል፣ በቃ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ይመልሰዋል፤ ይሄን በጣም እወድለታለሁ።

ገጠሬው ነው ከተሜው የሚረካው? እንደ አገሩ ነው። በሀብታሞቹ ምዕራባውያን አገሮች ብዙ ጊዜ የገጠሩ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ይናገራል። በድሃ አገሮች ግን በአማካይ ከተሜው ይበልጣል። ንጹህ አየር የሐኪም ቤትና የመንገድ ምትክ አይሆንም።

የሚደንቀኝ ግን ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቻይና ገጠር በተደረገ ጥናት፣ አብዛኞቹ ኑሯቸውን የሚያስተያዩት ከራሳቸው መንደር ሰው ጋር ነበር። ጎረቤትም እንደነሱ ከሆነ፣ ድህነቱ ያን ያህል አይከነክንም። ወደ ከተማ የፈለሱት ገቢያቸው ከፍ ብሎም ደስታቸው ገጠር ከቀሩት አንሶ ተገኘ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ዓይናቸው አሁን ከተሜው ላይ ነው።

ወቅትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ፈተነ። ያው ሰው አገዳው ሳይቆረጥ፣ እጁ ባዶ ሳለ፣ በማሰብ ፈተናው ከምርት በኋላ ካመጣው ያነሰ ውጤት አመጣ። የተለካው እርካታ አይደለም፣ ግን ጭንቀቱ ምን ያህል አእምሮን እንደሚይዝ ያሳያል። ስለዚህ ገበሬን መቼ እንደጠየቅነው ማወቅ ግድ ነው። ማንን እንደጠየቅንም እንዲሁ፦ አባወራውን ብቻ ጠይቆ የቤቱን እርካታ አወቅሁ ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ረክቻለሁ» የሚለው መልስ ውሃና ሕክምና ላለማቅረብ ሰበብ መሆን የለበትም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳስጠነቀቀው፣ በችግር የኖረ ሰው ምኞቱን ራሱ ይቀንሳል። ካንትሪልም በአሁኑ ብቻ አላበቃም፤ «ከአምስት ዓመት በኋላስ የቱ ላይ ይሆናሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ገበሬው ይሄን ሲመልስ ዝናቡን፣ የገበያውን ዋጋ፣ መሬቱ በእጁ መቆየት አለመቆየቱን ያሰላል።