«መብራት ሥራዬን በላው» እና ሌሎች የሬንደር ተረቶች

ጅማ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ አኒሜሽን የሚሠራ ወጣት ሁሉ ለቅሶው አንድ ነው፦ መብራት ሄደ፣ ሬንደሩ (ኮምፒውተሩ ብርሃኑን አስልቶ ትዕይንቱን ወደ ምስል የሚለውጥበት ሥራ) ጠፋ፣ ከዜሮ ጀመርኩ። ክረምት በገባ ቁጥር ይህንኑ መስማት ሰልችቶኛል። መብራት መሄዱ እውነት ነው፤ ሥራውን የሚያጠፋው ግን ሌላ ነው።

ቀላሎቹን በቶሎ ልለፋቸው። «ራም ብጨምር ይፈጥናል።» ያለው ራም ለሥራው ከበቃ ትርፉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። «ሳምፕሉን እጥፍ ባደርግ ጥራቱም እጥፍ ይሆናል።» አይሆንም፤ ሳምፕል ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደሚሰላ ነው፤ በሳይክልስ፣ ማለትም በአኒሜሽን ፕሮግራሙ በብሌንደር የሬንደር ሞተር፣ ምስሉ ላይ የሚቀረውን ነጠብጣብ በግማሽ ለመቀነስ ሳምፕሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ነጠብጣብ አጥፊው ዲኖይዘር ለምን የተሠራ ይመስላችኋል? «ፎር ኬ ካልሆነ ደንበኛ አይቀበልም።» ማስታወቂያውን በስልኩ የሚያይ ደንበኛ?

አሁን ወደ ዋናው። «የምፈልገው ቪዲዮ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አደርጋለሁ።» ከፈረንጅ አራዳ አንድ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ፤ ለቡና ነጋዴ የሚሠራው የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ነበር። «ጋሼ፣ ፋይሉ አለ፤ ግን አይከፈትም» አለኝ። እንዴት ይከፈታል? የኤምፒ ፎር ፋይል የትኛው ፍሬም (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ምስሎች አንዱ) የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ በተለምዶ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ማውጫ የለውም።

በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንድ ደቂቃ 1500 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 50 ሰዓት! በጅማ ክረምት 50 ሰዓት የማይቋረጥ መብራት የሚጠብቅ ሰው ተስፋው ያስቀናል።

መፍትሔው ነፃ ነው። በብሌንደር የውጤት ቅንብር ውስጥ ፒኤንጂ የተባለውን የምስል ፋይል ዓይነት ምረጡ፤ እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ምስል ሆኖ ይቀመጣል። «ኦቨርራይት» (ያለውን ፋይል በአዲስ ተካ) የሚለውን አጥፉ። መብራት ሲመለስ ሬንደሩን ስታስጀምሩት የተሠራውን እየዘለለ ይቀጥላል። «ፕሌስሆልደርስ»ን (ለሚሠራው ፍሬም አስቀድሞ ቦታ መያዣ ፋይል የሚፈጥረውን) ግን በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ አታብሩት፤ ሲቋረጥ ባዶ ፋይል ትቶ ይሄድና እሱንም እንደተሠራ ቆጥሮ ያልፈዋል። ለማንኛውም የመጨረሻውን ፋይል መጠን እዩ፤ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ሰርዙት።

«ምስሎቹን ማገጣጠም ሌላ ሬንደር ነው» የሚሉም አሉ። የብርሃኑ ስሌት እኮ አልቋል! በብሌንደር የቪዲዮ ማቀናበሪያ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የፍሬም ፍጥነቱን 25 ማድረግ እንዳትረሱ፤ አለዚያ ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ።

ምስሎቹን ደግሞ ደንበኛው ከፍሎ እስኪጨርስ አታጥፉ። «ጽሑፉን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ያለባቸውን ፍሬሞች ብቻ ሰርዛችሁ እንደገና ታስኬዳላችሁ።