ኃይለኛ ማግኔት በእጅ ሥራ ውስጥ

በእጅ ሥራ ሰዎች ዘንድ «ኃይለኛ ማግኔት» ሲባል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኒዮዲሚየም ማግኔት ነው። ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ትንሽ ብረት ይመስላል። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ቀለበት ወይም ድቡልቡል ሆኖ ይሠራል። ወርዷ 10 ሚሊ፣ ውፍረቷ 3 ሚሊ የሆነች አንዲት ክብ ማግኔት ወፍራም ብረት ላይ ተለጥፋ ከ1 ኪሎ በላይ ትይዛለች። የሣጥን ክዳን፣ የቦርሳ አፍ፣ የቢላ መስቀያ፣ የአንገት ሐብል መቆለፊያ፣ የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ፣ በእጅ የሚሠራ ትንሽ ጄኔሬተር፤ ሁሉም ጋ ትገባለች። መረጃው በየቦታው የተበታተነ ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ ለማምጣት ተሞክሯል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ስሪቱ

ኒዮዲሚየም «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» ከሚባሉት 17ቱ አንዱ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም። ከመካከላቸው ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ አይተናነስም። አስቸጋሪ ያደረጋቸው ጠባያቸው መመሳሰሉ ነው፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ብዙ ድካም አለው። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አውር ፎን ቬልስባኽ በ1885 ዲዲሚየም የሚባለውን፣ አንድ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ይታመን የነበረውን፣ ለሁለት ከፈለው። አንዱን ፕራሲዮዲሚየም፣ ሌላውን ኒዮዲሚየም አለው። ኒዮዲሚየም በግሪክኛ «አዲስ መንታ» ማለት ነው።

ማግኔቱ ግን ንጹህ ኒዮዲሚየም አይደለም። 2 የኒዮዲሚየም፣ 14 የብረት እና 1 የቦሮን አተም ተጣምረው የሠሩት ውህድ ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተራ ብረት ነው። ለዚህም ነው ልባሱ ከተነሳ የሚዝገው። ሲሠራ ውህዱ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ዱቄቱ በማግኔት መስክ ውስጥ ይጨመቃል። ከዚያ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይጠበሳል፣ ይቆረጣል፣ በኒኬልና በመዳብ ይለበጣል። ማግኔት የሚሆነው መጨረሻ ላይ፣ ኃይለኛ መስክ ውስጥ ሲገባ ነው።

እንግዲህ የዱቄት ልጅ ነው። ብረት ቢመስልም ጠባዩ ወደ ሸክላ ያደላል። አይታጠፍም፤ ይሰበራል። መዶሻ አይወድም፣ እሳት አይወድም፣ እርጥበት አይወድም። በዚህ ማግኔት ሲሠራ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው የሚመጣው እንደ ብረት ሲያዝ ነው።

አመጣጡ

ከኒዮዲሚየም ማግኔት በፊት አልኒኮ የሚባለው የብረት፣ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ማግኔት ነበር፤ ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ በ1931 ባገኘው ውህድ የተጀመረ። በ1950ዎቹ ደግሞ ፌራይት የሚባለው ጥቁርና ርካሽ ማግኔት ተስፋፋ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። በአሜሪካ አየር ኃይል የራይት-ፓተርሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ካርል ስትርናት ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች ከኮባልት ጋር ሲዋሃዱ ድንቅ የማግኔትነት ጠባይ እንደሚያሳዩ አሳየ። ከዚህ ሥራ የሳማሪየም-ኮባልት ማግኔት ተወለደ። ኃይሉ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ችግሩ ኮባልቱ ነው። ዋናዋ የኮባልት አምራች ዛየር፣ የዛሬዋ ኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ነበረች። በ1978 በሻባ ግዛት ጦርነት ሲነሳ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ። ተመራማሪዎችም ኮባልትን በተራ ብረት ለመተካት ተሯሯጡ።

ማሳቶ ሳጋዋ ያን ጊዜ በጃፓን የፉጂትሱ ኩባንያ ተመራማሪ ነበር። በዚያው በ1978 አንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ብረትና ብርቅዬ ንጥረ ነገር ሲዋሃዱ የብረቱ አተሞች እርስ በርስ ከመጠን በላይ እንደሚቀራረቡ ሰማ። ማግኔትነቱ በሙቀት ቶሎ የሚጠፋውም ለዚህ ነው ተባለ። ታዲያ በመካከላቸው ትንሽ አተም ቢገባስ? ቦሮን ወይም ካርቦን ቢሆንስ? ሐሳቡ እዚያው መጣለት። ኩባንያው ግን ሥራውን አልደገፈለትም። በ1982 ለቅቆ ሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ገባ፤ በዚያው ዓመትም ማግኔቱን ሠራው።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪው ጆን ክሮት በሌላ መንገድ ወደዚሁ ውህድ ደረሰ። እሱ የቀለጠውን ብረት በሚሽከረከር ጎማ ላይ እያፈሰሰ በቅጽበት ያቀዘቅዘው ነበር። በኅዳር 1983 ሁለቱ ወገኖች ፒትስበርግ ላይ በተደረገ አንድ ጉባኤ ግኝታቸውን ይፋ አደረጉ። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ነው የደረሱበት ማለቱ የተለመደ ነው። ማን ቀደመ የሚለው ምናልባት መቋጫ ላይኖረው ይችላል። የማያከራክረው ግን ይሄ ነው፦ ዛሬ የእጅ ሥራ ሰው መሳቢያ ውስጥ ያለው ያ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ በሳጋዋ መንገድ፣ ከዱቄት ተጠብሶ የተሠራ ነው። ሳጋዋ በ2022 የንግሥት ኤልሳቤጥ የምህንድስና ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ይገባዋልም።

ወደ እጅ ሥራ ሰው ቤት መጀመሪያ የገባው በአሮጌ ሃርድ ዲስክ በኩል ነው ማለት ይቻላል። የዲስኩን ማንበቢያ ክንድ የሚያንቀሳቅሱት እንደ ጨረቃ ቁራጭ የጎበጡ ማግኔቶች ናቸው። ዛሬም ይህ መንገድ ጥሩ ነው። የሚይዛቸውን የብረት ዝርግ በሁለት ፒንሳ ይዞ በቀስታ ማጉበጥ ሙጫውን ያላቅቀዋል። በጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቆ ለማውጣት መታገል ልባሱን ይልጠዋል። አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የእነዚህ ማግኔቶች አንዱ ገጽ ላይ ሁለት ዋልታ አለ፤ ግማሹ ሰሜን፣ ግማሹ ደቡብ። እንደ ተራ ማግኔት ቆጥሮ ለክዳን መዝጊያ ያዋላቸው ሰው ግራ ይጋባል።

ቁጥሮቹ

ማግኔቱ ላይ ኤን 35፣ ኤን 42፣ ኤን 52 የሚል ደረጃ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ማግኔቱ ሊያከማች የሚችለውን ኃይል ሜጋጋውስ-ኤርስቴድ በሚባል መለኪያ ይናገራል። ተራ ፌራይት በዚሁ መለኪያ ከ3 እስከ 4 አካባቢ ነው። ከቁጥሩ ኋላ ፊደል ከሌለ ማግኔቱ የሚችለው ሙቀት 80 ዲግሪ ገደማ ነው። ኤም ካለ 100፣ ኤች ካለ 120፣ ኤስኤች ካለ 150። ከዚያ ካለፈ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ቢቀዘቅዝም የጠፋው አይመለስም።

ብዙ ጀማሪ ኤን 52 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አያስፈልግም። በኤን 42 እና በኤን 52 መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ማግኔቱን ትንሽ ማስፋት ወይም ማወፈር ያንን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ከደረጃው ይልቅ ትልቁ ነገር ክፍተት ነው። የማግኔት ጉልበት ቅርብ ለቅርብ ነው። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ግማሽ ሚሊ ቀለም፣ ጨርቅ ወይም እንጨት ሲገባ ጉልበቱ በግልጽ ይወርዳል። በአምራች የሚነገረው የኪሎ ቁጥር የሚለካው ወፍራምና ለስላሳ ብረት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ሲሳብ ነው። ግድግዳ ላይ ዕቃ ሲሰቀል ግን ማግኔቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የሚይዘው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ቀጭን ላስቲክ ማልበስ ይረዳል። ከዚያ የተሻለው ግን ክብደቱን እንጨቱ ወይም አንድ ትንሽ ጥርስ እንዲሸከመው አድርጎ፣ ማግኔቱን ለመያዝ ብቻ መተው ነው። ሌላው ብልሃት ማግኔቱን የብረት ኩባያ ውስጥ መክተት ነው። ኩባያው ከኋላ የሚባክነውን መስክ ወደ ፊት ያዞረውና የመያዝ ጉልበቱን በብዙ ያሳድገዋል።

አንድ ክዳን በቅርብ ሲታይ

የእንጨት ሣጥን ክዳን ላይ ማግኔት መቅበር የዚህ ሙያ ፊደል መቁጠሪያ ነው። ለ10 ሚሊ ማግኔት ታቹን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚቆፍር 10 ሚሊ ፑንታ ይመረጣል። መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ይሞከራል። ፑንታው ላይ ስኮች ይጠመጠማል፤ የጥልቀት ምልክት ነው። ማግኔቱ 3 ሚሊ ከሆነ ቀዳዳው በጥቂቱ ብቻ ይጠልቃል። ደረቅ ማግኔት ለሙከራ ብሎ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ መክተት አይመከርም፤ አይወጣም። ከገባ ሌላ ማግኔት አምጥቶ መሳብ ነው።

ቀጥሎ ዋልታ። ክዳኑ ላይ ያለውና ሣጥኑ ላይ ያለው ማግኔት መሳሳብ አለባቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቼ ክዳን አበላሽቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ማግኔቶቹን አንድ ላይ ደርድሮ እንደ ዱላ መያዝ። ሁልጊዜ ከአንድ ጫፍ ብቻ እየነቀሉ ወደ ውጭ በሚያየው ገጽ ላይ በማርከር ነጥብ ማድረግ። ክዳኑ ላይ ነጥቡ ከቀዳዳው ወደ ውጭ ከታየ፣ ሣጥኑ ላይ ነጥቡ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ዞሮ ይቀበራል። ከሁለቱ በአንዱ ቦታ የብረት ሮንዴላ ወይም ቪቴ ማድረግም ይቻላል። ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ የዋልታ ጣጣ የለውም።

ስለ ሙጫ ሰው አይስማማም። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፣ ግን ድንገተኛ ምት አይችልም። ሁለቱን ቀላቅለው የሚቀቡት ኢፖክሲ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የማግኔቱ ገጽ በአልኮል ይጠረጋል። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይሻክር የሚሉ አሉ፣ ልባሱን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጭረቱ ላይ ላዩን ከሆነና ኢፖክሲው ከሸፈነው ዝገት አይገባም። ሙጫው ቀዳዳው ውስጥ ሞልቶ አየር ከታፈነ ማግኔቱ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ጎኑ ላይ ቀጭን ቦይ መተው ወይም ሙጫውን መቀነስ ነው። እስኪደርቅ በላዩ ፕላስቲክ ተደርጎ ጠፍጣፋ እንጨት ይጫነዋል። ብረት ከተጫነው ማግኔቱን ይዞት ይነሳል።

በመጨረሻ ክዳኑ ሲወርድ የመጨረሻዋን ግማሽ ሴንቲ ራሱ ይጨርሳታል። ቀጭ ይላል። ከውጭ የሚታይ መቆለፊያ የለም።

በስሪዲ ፕሪንተር ለሚሠሩም ልማዱ ይኸው ነው። ማተሚያውን መሃል ላይ አቁሞ ማግኔቱን ከትቶ ይቀጥላል። ማግኔቱ በሙጫ ካልተያዘ ግን ወደ ማተሚያው ጭንቅላት ብረት ዘሎ ይለጠፋል። በጨርቅና በቆዳ ሥራ ማግኔቱ በሁለት ድርብ መሃል ይሰፋል፤ የሚታጠብ ልብስ ከሆነ በፕላስቲክ የተለበጠው ይመረጣል።

ጨዋታና ሙከራ

ኃይለኛ ማግኔት በመዳብ ቧንቧ ውስጥ ሲለቀቅ እንደ ላባ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መዳብ በማግኔት አይሳብም። ማግኔቱ ሲያልፍ ግን መዳቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ጅረቱም የራሱን መስክ ሠርቶ ማግኔቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ቧንቧውን አንስቶ ውስጡን ያያል። ማግኔትን በሌላ ማግኔት ላይ ብቻ ዝም ብሎ ማንሳፈፍ ግን አይቻልም። ሳሙኤል ኧርንሾ በ1842 በሒሳብ አሳይቶታል። የሚሽከረከር ነገር፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም እንደ ፓይሮሊቲክ ግራፋይት ያለ ማግኔትን የሚገፋ ቁስ ሲጨመር ነው የሚሆነው።

የማግኔት አምባር ሕመም ይፈውሳል የሚለው ማስረጃ የለውም።

አደጋው

በጣም የከፋው መዋጥ ነው። አንድ ሕፃን ሁለት ማግኔት በተለያየ ጊዜ ከዋጠ በአንጀቱ ውስጥ ከሁለት አቅጣጫ ይሳሳባሉ። በመካከል የገባው የአንጀት ግድግዳ ደም አጥቶ ይበሳል። ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ተራ የሆድ ሕመም ይመስላል። ተውጧል ብሎ መጠርጠር ብቻ ሆስፒታል ለመሄድ በቂ ነው፤ እስኪያልፍ መጠበቅ የለም። ወርዳቸው 5 ሚሊ የሆኑ የማግኔት ኳሶች በተለይ አሜሪካ ውስጥ ረጅም ክርክር አስነስተዋል። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2014 ጥብቅ ደንብ አወጣ። ፍርድ ቤት በ2016 ሻረው። ኮሚሽኑ በ2022 ሌላ ደንብ አወጣ። ሕፃን ባለበት ቤት እነዚህ ኳሶች ባይኖሩ ይመረጣል።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ በሰውነቱ የተተከለለት ሰው ማግኔትን ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ያህል ያርቅ፤ ትልልቆቹን ደግሞ ከዚያም በላይ። ትልልቆቹ ማግኔቶች ጣት ይቆነጥጣሉ፣ ሲጋጩም ተሰባብረው ስለታም ስባሪ ይረጫሉ። መነጽር ማድረግ ይገባል። የሚለያዩት በመጎተት አይደለም፤ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን በማንሸራተት ነው። በድሪል መብሳትም ሆነ በመጋዝ መቁረጥ ክልክል ነው ማለት ይቻላል። ይሰነጠቃል፣ ዱቄቱም በቀላሉ እሳት ይይዛል። ቀዳዳ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ለቪቴ የተበሳውን መያዝ ነው።

የባንክ ካርድ ጥቁር መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ ቺፑ ግን አይነካም። የስልክ ማህደረ ትውስታም አይጠፋም፤ ኮምፓሱ ግን ይዛባል። የሜካኒካል ሰዓት ከጠረጴዛው ራቅ ማለት አለበት።

በደንብ የተያዘ ማግኔት ለአሥርት ዓመታት ኃይሉ ይቆያል። ማስቀመጫው ደረቅ ሣጥን ነው፤ በየመሃሉ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ እየተደረገ። ተሰብሮ ለሁለት የተከፈለ ማግኔት እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ዋልታ ይኖረዋል፣ ይሠራልም። ግን የተሰበረው ፊቱ ልባስ የለውም። በዚያው ቀን ኢፖክሲ ወይም ቨርኒሽ ካልተቀባ ዝገቱ ከዚያ በኩል ይጀምራል።